የመተማ መንገድና የትንሿ ሞተር ፈተና

መተማ ከጥንት ጀምሮ ጭነት የሚራገፍባትና ዳግም የሚጫንባት ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ቁልቁል የሚወርደው የቡና፣ የሰም፣ የማርና የዝሆን ጥርስ ሸክም እዚህ የሚደርሰው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር፤ በዚሁ መንገድ እየተነዱ የሚሸጡ ባሮችም ነበሩ። ከመተማ ወዲያ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ፣ አልፎም እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻዋ ሱዋኪን ያለው ጉዞ ግን የግመል ነበር። የደጋ በቅሎ የቆላው ሙቀትና በሽታ ስለሚጎዳት ነጋዴው ከዚህ አሳልፎ ሊነዳት አይደፍርም ነበር፤ ግመልም በበኩሉ ለጭልጋ ዳገትና ለደጋ ብርድ አልተፈጠረም። ከዳርፉር ወገን መጥተው በአካባቢው የሰፈሩት ተክሩሮች ገበያቸውን ያቆሙት በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ሲያልፍ ያየውም ይህንኑ ገበያ ነው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ዋልካውን መሬት ያረጥበውና፣ የጓንግ ወንዝም ይሞላና፣ መንገዱ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘጋ ነበር። ነጋዴው የሚጭንበትን ከብት የሚመርጠው በጉልበቱ ብቻ አልነበረም። መኖ የት እንደሚያገኝለት፣ ቢታመም ማን እንደሚያክምለት፣ ቢሞትበትም ምትኩን ከየት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ያሰላ ነበር።

ይህን የቆየ ስሌት ያነሣሁት ዛሬ በሾፌሮችና በመካኒኮች ዘንድ የሚሰማ አንድ ጥርጣሬን ለመመርመር ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ቤንዚን ሆኖ ቱርቦ ያለውን ትንሽ ሞተር አትግዛ» የሚል ነው። ይህን ምክር አዲስ ነገርን ከመፍራት የመጣ ኋላ ቀርነት አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ ግን የምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ ለጥርጣሬው በቂ ምክንያት ይሰጣል እላለሁ፤ የተጠረጠረው ዕቃ ብቻ ነው የተሳሳተው። ማሽን የሚታመነው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ከኋላው በተዘረጋው የዘይት፣ የነዳጅ፣ የመለዋወጫና የባለሙያ ሰንሰለት ነው። ትንሿ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከብረቷ የቀነሰችውን ትዕግሥት ለዚያ ሰንሰለት አሸክማዋለች። መተማ ያ ሰንሰለት ደጋግሞ የተበጠሰባት ቦታ ናት።

ሞተር በዚህ ቆላ ገና ሲገባ ምን እንደገጠመው ማየት ይጠቅማል። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የፋሺስቱ ሹም አኪሌ ስታራቼ በጭነት መኪና የሚጓዝ ጦር ይዞ በሰቲት ዳር ካለችው ኦም ሐጀር ተነሣና ቆላ ለቆላ መጥቶ ጎንደርን ያዘ። ይህ ጉዞ የመኪና ድል ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። ይሁንና ወሩ መጋቢት ነበር፤ መሬቱ የደረቀ፣ ወንዙ የጎደለ ነው። ጦሩም ነዳጁንና ጠጋኙን ከኋላው አስከትሎ የሚሄድ የመንግሥት ጦር ነበር። መኪናው መንገዱን አሸነፈ ከማለት ይልቅ በዚያ በጋ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም ማለት ይቀላል። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በዚያው ቆላ የታየው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ከድንበሩ ማዶ ያለችውን ጋላባትን ከጣሊያኖች አስለቀቀ። ቀጣዩ ዒላማ ሸለቆውን ተሻግሮ ያለችው መተማ ነበረች፤ ነገር ግን አልተያዘችም። ለጥቃቱ የተመደቡት 12 ያህል ታንኮች አብዛኞቹ ገና ጋላባት ላይ በፈንጂና በረጅሙ ሣር ውስጥ በተደበቀ ቋጥኝ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆመው ነበር። እነሱ እስኪጠገኑ ሲጠበቅ የጣሊያን አውሮፕላኖች እግረኛውን ደበደቡት፤ ስሊምም ለማፈግፈግ ተገደደ። ታንኮቹ ከጣሊያን መትረየስ የሚከላከል ጠንካራ ብረት ነበራቸው። የጎደላቸው በዚያ ቋጥኝ ላይ የሚሰበረውን ነገር በሰዓቱ የሚተካላቸው ነው።

«ድሮውንም ቆላው የማሽን አገር አይደለም፤ እንስሳው ይሻላል» የሚል ካለ፣ የዚያው ዓመት ሌላ ታሪክ አፉን ያስይዘዋል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቋራ ቆላ በስተደቡብ ባለችው ኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ አብሯቸው የዘመተው የእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት ጌድዮን ጦር ዋና ማጓጓዣው ግመል ነበር። ከሱዳን የተሰበሰቡት ግመሎች 15 ሺህ ገደማ ይደርሱ ነበር፤ ዘመቻው ሲያልቅ በሕይወት የተገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው። ግመል ደካማ እንስሳ ሆኖ አይደለም። የሱዳን ሜዳ ግመል ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ የለመደውን መኖ አጣ፤ ብርዱን አልቻለውም፤ በችኮላ የተቀጠሩት ነጂዎችም ብዙዎቹ የግመል ሕክምና የሚያውቁ አልነበሩም። የመተማ ነጋዴ ለዘመናት ግመሉን ድንበሩ ላይ አራግፎ የሚመልሰው ይህን ስለሚያውቅ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው እንስሳ ወይስ ሞተር የሚል አልነበረም፤ የሚጫንበት ነገር ከሚኖርበት ቦታና ከሚንከባከበው እጅ ሲነጠል ምን ይሆናል የሚል ነው።

ከነፃነት በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፤ በዋና መልኩ የታወቀ ነውና። ሰሊጥና ጥጥ ቆላውን የእርሻ አገር አደረጉት፤ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ የመኪና ገበያ ፈጠረ፤ የጎንደር መተማ መንገድም አስፋልት ሆነ። ለዓመታትም ከሱዳን የሚገዛው ቤንዚን የሚገባው በዚሁ በር ነበር። ከገንዳ ውሃ እስከ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ ድረስ ሥር የሰደዱትን መኪኖች ያየ ሰው አንድ ጠባይ ያስተውላል። ሾፌሮች ለፍጥነቱ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጡለት አይሱዙ፣ ከእርሻ ውስጥ የማይጠፋው ትራክተርና ላንድክሩዘር ባለ ናፍጣ ሞተር ናቸው፤ ከጉልበታቸው ጋር ሲነጻጸሩ ሞተራቸው ግዙፍ ነው። የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ላይ ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የተገጠመውና 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር 4,164 ሲሲ ሆኖ ቱርቦ የለውም፤ የሚሰጠው ጉልበት ግን ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቶዮታ ራሱ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ያወጣው ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር 1,197 ሲሲ ብቻ ሆኖ ወደ 115 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ሊትር የሚጨመቀው ጉልበት ሲሰላ በመጀመሪያው 31፣ በሁለተኛው 96 ነው። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ምርት ናቸው፤ ሁለቱንም የሠሩት መሐንዲሶች ሥራቸውን ያውቃሉ። ልዩነቱ የመጀመሪያው ቸልተኛ ባለቤትን ታሳቢ አድርጎ መሠራቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሰዓቱ ሰርቪስ የሚያደርግ ባለቤትን ታሳቢ ማድረጉ ነው።

ቱርቦ አዲስ ነገር አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ በሐሳቡ ላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በማርሚታው የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ያ ተርባይን በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ አዙሮ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል። በሽያጭ ለሚቀርብ የቤት መኪና በቤንዚን ሞተር ላይ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነበር። የዚህ መኪና ዕጣ ለክርክሬ ከማንኛውም የላቀ ምስክር ነው። ሞተሩ ያለጊዜው እንዳይፈነዳዳ የውሃና የአልኮል ድብልቅ ይረጭበት ነበር፤ ባለቤቱ ድብልቁን እየተከታተለ መሙላት ነበረበት። ብዙዎቹ ባለቤቶች አልሞሉም። ምርቱ በሁለተኛው ዓመት ቆመ፤ ኩባንያውም ቱርቦውን ነቅሎ በተራ ካርቡሬተር ለመተካት ተገደደ። ይህ የሆነው መተማ ላይ አይደለም፤ ማደያና ጋራዥ በየመንደሩ ባለበት በአሜሪካ ነው። ሰንሰለቱ ውስጥ አንዲት ቀለበት፣ እሷም የባለቤቱ ትጋት፣ ስትላላ ዕውቀት የፈሰሰበት ሞተር ዋጋ አጣ።

ትንሿ ባለ ቱርቦ ሞተር እንዲህ የበዛችው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት የጭስ ገደብ ካወጣ በኋላ ነው። ፋብሪካዎች ሞተሩን አሳንሰው ቱርቦ ገጠሙበት፤ በመፈተሻ ክፍል ውስጥ ሲለካም የነዳጅ ፍጆታው በእርግጥ ዝቅ አለ። የፎርድ አንድ ሊትር ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ ተሸለመ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ግን ኩባንያው የዘይት ፖምፓውን በሚያዞረው ቺንጊያ መወጠሪያ ጉድለት ምክንያት በአሜሪካ ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን መልሶ ጠራ። ሽልማቱም ጥሪውም እውነት ነው፤ የተለያዩት በጊዜ ነው። ሽልማቱ አዲሱን ሞተር ያያል፤ ጉድለቱ የሚታየው ሞተሩ ሲያረጅ፣ ማለትም ለእኛ ገበያ በሚደርስበት ዕድሜ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ሕጉ ትንሿን ሞተር ጋበዛት። የ1995ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ለቤት መኪና እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይጥል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የአዲስ ትንሽ መኪና ታክስ ወደ 5 በመቶ ወርዶ፣ ያገለገለው እንደ ዕድሜውና እንደ ሲሲው እስከ 500 በመቶ እንዲከፍል ተደረገ። በሁለቱም ዘመን ታክሱ ሲሲ ይቆጥራል እንጂ ከሲሲው ምን ያህል ጉልበት እንደሚጨመቅ አይጠይቅም። ስለዚህ 1,197 ሲሲው ባለ ቱርቦ ከቪትዝ ጋር በአንድ መደብ ገባ። ባለ ቱርቦዎቹ በቁጥር ከቪትዝና ከኮሮላ ጋር የሚወዳደሩ ባይሆኑም፣ ትልቅ ሰውነት በትንሽ ሲሲ ስለያዙ ታክሱ አድልቶላቸዋል።

አሁን ይህችን ሞተር በጎንደር መተማ መንገድ ላይ እናስባት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው ይህን ጉድለት ለማካካስ ከተለመደው በላይ ይፈጥናል፤ ትንሽ ቱርቦ በደቂቃ ከ200 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ ዘንጉን ተሸክሞ የሚይዘው ደግሞ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ መተማ ስትደርስ አየሩ ይወፍራል፤ ነገር ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር አየሩን ከውጪው ሙቀት በታች ሊያወርደው አይችልም፤ አቧራና ገለባ ከደፈነው ደግሞ ያንንም ያህል አይሠራም። የጦዘ አየርና ቤንዚን ሲገናኙ ያለጊዜያቸው የመቀጣጠል አደጋ ይጨምራል፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩን ለማዳን የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገየዋል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ ወደ ማርሚታው የሚወጣው ጭስም ይብስ ይሞቃል። መመለሻው የባሰ ነው። ሰውና ሻንጣ ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በዝቅተኛ ዙር ቢገፋት፣ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ላይ የታወቀው አደጋ በሯን ያንኳኳል፤ ነዳጁ ከካንዴላው ብልጭታ ቀድሞ ይነድና በአንድ ምት ፒስተን ሊሰነጥቅ ይችላል። ለዚህ ችግር የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 ደግሞ ኤስፒ የተባሉ የዘይት ደረጃዎችን አወጣ። መፍትሔው እንግዲህ ብረት ላይ አይደለም፤ ዘይት ቆርቆሮው ላይ ነው። ዘይት ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር በሚሸጥበት፣ ማደያው ሲደርቅም ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ በመንገድ ዳር በሚቸረቸርበት አገር ይህ መፍትሔ ስንት ቦታ ሊበጠስ እንደሚችል መቁጠር አያስፈልግም።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ይህን መንገድ ሲመላለስ ስንት ዘመኑ ነው፣ ስለዚህ ቱርቦ በቆላ አይሠራም ማለት ሐሰት ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የእኔንም ነጥብ ያጠናክራል። ቱርቦውን ብቻ የሚወነጅል ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚያወጣው ጭስ በአብዛኛው ከ800 ዲግሪ አይዘልም፤ የቤንዚኑ ግን ወደ 1,000 ዲግሪ ይጠጋል። የጭነት መኪና ሞተር ሲሠራ ጀምሮ ወፍራም ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ይሠራል፤ ብዙ ዘይት ይይዛል። ከዚህም በላይ የጭነት መኪና ባለቤት መኪናው የእንጀራ ገመዱ ስለሆነ ዘይቱን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ይቀይራል፤ ጋራዡ ውስጥ ቴስታታውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወርድ መካኒክ አለው፤ ኩሽኔታውም ጓርኒሲዮኑም በየከተማው ይገኛል። ይህ ሰንሰለት በአንድ ጀምበር አልተሠራም፤ ተመሳሳይ ሞተር በብዛትና ለረጅም ጊዜ በመኖሩ የተገኘ ነው። ትንሿ ቤንዚን እንዲህ ያለ ዘመድ ገና አላፈራችም። ዳገት ላይ አንድ የግፊት ሴንሰር ቢበላሽባት ስህተቱን የሚያነብ መሣሪያና ትክክለኛውን ዕቃ ለማግኘት ጎንደር፣ ምናልባትም አዲስ አበባ መድረስ ሊያስፈልግ ይችላል። ጸጥታው በሚደፈርስበትና መንገደኛ በሚታገትበት በዚህ መስመር ላይ ቆሞ ማደር ደግሞ የጊዜ ኪሳራ ብቻ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከደጋው ይመጣል። አገራችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ጎንደርም አዲስ አበባም ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቱርቦው ደግሞ ያን ጉድለት የሚሞላ ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ለደጋ ከተማ ነዋሪ እንዲያውም ዋና ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሙቀት ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑንም ማመን ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና ውስጥ ሆንዳን ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ መኪኖቹን መልሶ እንዲጠራ ያደረገው ችግር በብርድ አገር በአጭር ጉዞ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር መቀላቀሉ ነበር፤ መተማ ላይ ያ ችግር ቦታ አያገኝም። ታዲያ ሞተሯ በራሷ ክፉ አይደለችም፤ ዘይቷ በዓይነቱና በጊዜው ከተቀየረላት፣ ዳገት ወጥታ እንደደረሰች ከመጥፋቷ በፊት ጥቂት ቆማ እንድትሠራ ከተደረገች፣ ረጅም ዕድሜ ልትኖር ትችላለች። ነገር ግን ስለ አዲስ መኪና የሚነገረው ሁሉ ያገለገለውን አይገልጽም። አውሮፓ ውስጥ ዘይቷ በ15 ሺህ፣ አንዳንዴም በ30 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀየር የኖረች መኪና እኛ ዘንድ በ5 ሺህ ቢቀየርላት ያለፈው አይመለስም፤ በቱርቦው ዘንግ ዙሪያ የከሰለው ዘይትና የላላው ቻይን አብረዋት ይመጣሉ። ትልቁ ሰነፍ ሞተር እንዲህ ያለውን ታሪክ ብዙ ጊዜ ዋጥ አድርጎ ይሠራል። ትንሿ አትውጠውም።

ነገሩ በቅርቡ ጊዜ ያልፍበታል የሚሉም አሉ። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የወደፊቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር እንኳ በዚሁ በመተማ ላይ ያልፋል። ክልከላው ግን አዲሱን አስቀረ እንጂ ያለውን አላስወጣም። የአገራችን ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ከመዲናዋ ወደ ክልል ከተማ፣ ከክልል ከተማ ወደ ወረዳ የሚወርድ ነው። ተተኪ ቤንዚን ስለማይገባ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በሁለተኛ ባለቤት እጅ ያሉት ባለ ቱርቦዎች በሚቀጥሉት ዓመታት ከድሮው ይልቅ ረዝመው ይቆያሉ፤ ወደ ጎንደርና ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርዱትም በሦስተኛና በአራተኛ እጅ፣ ፋብሪካውም ለአገሩ መለዋወጫ ለመላክ ምክንያት ባጣበት ጊዜ ይሆናል። የገንዳ ውሃ ገዢ ሲዋዋል የሚሰጠው ሊብሬ የሞተሩን ቁጥርና ጉልበቱን ይነግረዋል። ዘይቱ መቼና በምን ዓይነት ዘይት እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ግን ከሻጮቹ አንዱ በራሱ ፈቃድ ካላስቀመጠው በስተቀር አብሮ አይመጣም።